የቶኩጂ ምሰሶ

ኢሳኦን ያንገበገበው ምሰሶው ነው። ሰው በገዛ ግቢው የግሉን የመብራት ምሰሶ ያስተክላል? ያውም ለሸክላ ሙዚቃ! ጎረቤቱ ቶኩጂ ግን አስተከለ። የሰፈሩ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ የሚጋራው መብራት ድምፁን ያደፈርስብኛል ብሎ ለብቻው አስገባ። በሐማማትሱ ከተማ ሸክላ የሚወድ ሁሉ እየመጣ ምሰሶውን ቀና ብሎ አየ። ኢሳኦም አየ፤ ካየ ወዲህ እህል አልወርድ አለው።

ምሰሶው እንኳ ይቅር። ሚስቱ ሚሳኤ እሑድ እሑድ ከጎረቤቶቿ ጋር እዚያ ቤት ሄዳ ሸክላ ትሰማለች። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ይመጣል። ይህን ፊት ኢሳኦ የሚያውቀው ድሮ ሲተጫጩ ነው።

"እንዴት ነበር?" ይላታል፣ ምንም እንዳልመሰለው ሆኖ።

"ደስ ይል ነበር።"

በቃ፣ ይቺው ናት! ቅናት አንጀቱን በላው። የጡረታ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሱቅ ገሰገሰ።

"የቶኩጂን የሚያስከነዳ ሸክላ ማጫወቻ አምጣ!" አለ።

ባለሱቁ ፈገግ አለ። "አቶ ኢሳኦ፣ አይቆጡኝና ከኢንተርኔት የሚያጫውተውን ቢወስዱ ይሻልዎታል። የዓለም ዘፈን በስልክዎ ይታዘዝልዎታል። በተረፈው ገንዘብ ከባለቤትዎ ጋር ፍል ውሃ ይሂዱበት።"

ፍል ውሃውን ለሚሳኤ ቃል ከገባላት ቆይቷል። ግን በዚያ ምሰሶ ጥላ ሥር ስልክ እየነካካ ሊኖር? ሞቱን መረጠ። እስቲ መጀመሪያ የሰውየውን ጉድ ልየው ብሎ እሑድ ከሚስቱ ጋር ሄደ።

እዚያ ቤት ሸክላ ሲዞር አይወራም፤ ሕግ ነው። መርፌዋ ወረደች፣ አንዲት ሴት መዝፈን ጀመረች።

ኢሳኦ ወደ ሚሳኤ ጠጋ ብሎ፣ "ይቺ ዘፋኝ እኮ መጀመሪያ..." ሲል ቶኩጂ ገላመጠው። ዝም አለ፤ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። ቶኩጂን በዓይኑ ይከታተለው ጀመር። ሰውየው ሚሳኤን ዞር ብሎም አላያት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። እሷም ጨፍናለች፤ ያ ፊቷ መጥቷል።

ወደ ቤት ሲመለሱ አላስችል አለው። "እውነቱን ንገሪኝ፤ የምትሄጂው ለሰውየው ነው?"

ሚሳኤ መንገድ ላይ ቆማ በሳቅ ፈረሰች። "ለዚያ ሽማግሌ? ምን ነካህ፣ አንተ ሰውዬ! ካልሲው እንኳ ለየቅል ነው እኮ!"

"እንግዲያው ለድምፁ ነዋ። እኔም ምሰሶ አስተክላለሁ! የሸክላ ድምፅ ሞቅ ይላል፤ እርግጥ ኢንተርኔቱም ጥራቱ ቀላል አይደለም፣ ብቻ ዋናው መርፌው ነው፣ መርፌው ደግሞ..." እያለ በራቸው ድረስ ትንፋሽ አልወሰደም።

ሚሳኤ ጫማዋን አውልቃ ጠበቀችው። "ጨረስክ?"

"ጨረስኩ። የቱን ልግዛ?"

"ዝም የሚያሰኝህን" አለች። "ከተጋባን ጀምሮ አንድ ዘፈን እንኳ እስከ መጨረሻው አሰምተኸኝ አታውቅም።"

ወደ ኩሽና ገብታ የቤታቸውን አሮጌ ሬዲዮ ከፈተች። ዘፈን ጀመረ። ኢሳኦ ዘፋኙን ያውቀዋል፤ ግጥሙን ለማን እንደጻፈውም ያውቃል። ጫማውን እንዳደረገ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ላለመናገር ምላሱን ነከሰ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሚሳኤ ብቅ አለች፤ ፊቷ ፈክቷል። ስታየው ደነገጠች።

"ውይ፣ አለህ እንዴ?" አለች። "የወጣህ መስሎኝ እኮ ነው።"