ክፉዋ አማት ሰው ስትሆን

ሙነወር ሳሂብ ድርሰት አያነብም። ካራቺ ውስጥ የድራማ አዘጋጅ ሁሉ እንደዚያው ነው፤ ደራሲው ፊቱ ቁጭ ብሎ፣ ሲያስፈልግ እያለቀሰ፣ ሲያስፈልግ የገዛ ጉንጩን በጥፊ እያጮለ ይተርክለታል። አዘጋጁ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ካንኮራፋ ድርሰቱ ወደቀ ማለት ነው።

ደራሲዋ ኑድራት የድራማዋን የመጀመሪያ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ስታለቅስለት አንኮራፋ።

"እህቴ ኑድራት፣" አለ ሲነቃ፣ "ምራቲቱ ታለቅሳለች፤ ጥሩ። አማቲቱ ዘይቡን ግን ምንድን ናት? ካርቶን! ቅንድቧን ታነሳለች፣ መርዝ ትጨምራለች፣ ትስቃለች።"

"መርዝ ጨምሪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ ሳሂብ!"

"እኔ ስንቱን እላለሁ! እስከ ሐሙስ ሰው አርገሽ አምጪያት። አለዚያ ድራማው ለሌላ ደራሲ ይሄዳል።"

ኑድራት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስሟ ብቻውን የሚጻፍበት የመጀመሪያ ድራማዋ ነበር፤ እስካሁን የሌሎች ደራሲዎችን እንባ ስትጠግን ነው የኖረችው። ሰው የሆነች ክፉ አማት ከየት ትመጣለች? ደግነቱ ፈጣሪ ሩቅ አላስኬዳትም። በሩን የከፈቱላት የባሏ እናት ሱግራ ቤገም ነበሩ።

"መጣሽ ልጄ? እኔማ ቤት እንዳለሽ የረሳሽ መስሎኝ!"

ሱግራ ቤገም ሰው አይሰድቡም፤ ያመሰግናሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "የእኛ ሙሽራ ሥራ አትችልም እንጂ ጠባይዋ ወርቅ ነው" ይላሉ። የሠራችውን የሩዝ ወጥ፣ ቢሪያኒዋን፣ ሲቀምሱ ደግሞ "ጨዉ በዛ እንጂ እጅሽስ ለጋስ ነው" ይሏታል። ኑድራት ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንድም መልስ ሰጥታ አታውቅም። ፈገግ ትላለች፣ ነገሩን ትውጣለች።

በዚያ ሳምንት፣ እስከዚያ የዋጠችውን ሁሉ ለዘይቡን አጎረሰቻት። ሴትዮዋ ግን አሁንም ምላስ ብቻ ሆነችባት። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመረችላት፦ ዘይቡን የተነገራትን አትረሳም። ፊት ለፊት ትስቃለች፤ ነገሩን ጨው ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ማንጎ አቆይታ፣ ቀኑ ሲደርስ ታወጣዋለች። ይህን ከየት እንዳመጣችው ኑድራት ራሷም አላወቀችም። ተሰጥኦ ነው ብላ አለፈችው።

ሐሙስ ዕለት ሙነወር ሳሂብ አላንኮራፋም። "እናቴን ቁጭ!" ብሎ አለቀሰ። ድራማውም ተቀረጸ።

ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሱግራ ቤገም ጸሎት ቢያልፋቸው እንኳ ድራማ አያልፋቸውም። በዘይቡን ውስጥ ራሳቸውን ካወቁ ባሏ ከሁለቱ አንዳቸውን ሊመርጥ ነው፤ ማንን እንደሚመርጥ ደግሞ ኑድራት አልተጠራጠረችም።

ድራማው በተላለፈበት ምሽት ኑድራትና አማቷ ብቻቸውን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ዘይቡን ብቅ አለችና ለእንግዶቿ "የእኛ ሙሽራ ሥራ አትችልም እንጂ ጠባይዋ ወርቅ ነው" አለች። ኑድራት አማቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። ሱግራ ቤገም ግን እስከ መጨረሻው አዩና ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

"ይቺን ሴትዮ አወቅኋት።"

"አሚ፣ እናቴ፣ ድራማ እኮ ነው..."

"ተዪ፣ አልተቆጣሁም። እኔ የመጣልኝን እናገራለሁ፣ ሻይ እስኪፈላ ድረስ ረስቼዋለሁ። ይቺ ግን ፊቴ ላይ እየሳቀች ሁሉን ትለቅማለች፤ ከዚያ አገር ፊት ታሰጣኛለች። ቃሉ የእኔ ነው ልጄ። ሴትዮዋ ግን አንቺ ነሽ።"

ኑድራት አፈረች። የእውነቷን ነው፣ አንጀቷ ድረስ አዘነች። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ፈገግ እንዳለች ግን፣ ለሚቀጥለው ክፍል እንዳይጠፋባት፣ አማቷ አሁን የተናገሩትን ቃል በቃል በልቧ እያጠናች ነበር።