የጋሽ ኪዳኔ ኮንሰርት

ብፅዓት አባቷን አልዋሸችውም። ዝም ነው ያለችው። ዝም ማለት ከመዋሸት ይሻላል እያለች ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሷን ስታባብል ከረመች፤ እኔ ግን ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ የምትሠራው የአዳራሽ ድምፅ የሚነድፍ ቢሮ ውስጥ ነው። ለንደን ውስጥ አርችዌይ የሚባል ሰፈር አካባቢ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዲስ ሕንፃ ሲያሠራ የኮንሰርት አዳራሹን የነደፉት እነሱ ናቸው። መቶ ሰማንያ ወንበር፣ ከኋላ ከፍ ያለች ሰገነት፣ ወፍራም የጡብ ግንብ፣ ግንቡ ላይ ወጣ ገባ እያለ የተደረደረ እንጨት፣ ከመሬት በታች የሚያልፈው ባቡር እንዳይሰማ ወለሉ ሥር የተነጠፈ ጎማ። ሁሉም አልቆ የቀረው ሰው ሞልቶበት መለካት ብቻ ነበር። የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣል፤ ባዶ አዳራሽ ሰው ሲገባበት ጠባዩ ይለወጣል። አንድ ድምፅ ድንገት ሲቆረጥ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ስንት ሰከንድ ይቆያል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ነጥብ አምስት መሆን አለበት። ካነሰ ሙዚቃው ይደርቃል፣ ከበዛ ይደበላለቃል።

አለቃዋ ግሬም «ተማሪዎቹ በዚያ ቀን ዕረፍት ላይ ናቸው፤ መቶ ሰማንያ ሰው ከየት ይመጣል?» ብሎ ሲጨነቅ ብፅዓት «እኔ አመጣለሁ» አለች። ማን ጠየቃት? ማንም። የስድስት ወር የሥራ ሙከራ ጊዜዋ፣ ፕሮቤሽኗ፣ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታልና አፏ ቀደማት። አፏ ከቀደማት በኋላ ነው አባቷ ትዝ ያላት።

አባቷ ጋሽ ኪዳኔ አገር ቤት ሳለ በአንድ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ነበር። በሱዳን በኩል ወጥቶ ለንደን ገባ፤ የመኪና ማቆሚያ ጠበቀ፣ ሚስቱን ቀበረ፣ ጡረታ ወጣ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰው ፊት ቆሞ አልዘፈነም። እንዳይዘፍን ያደረገው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ብዙነህ የሚባል፣ ከዚያው ቡድን ክራር ይመታ የነበረ። ብዙነህ በየሠርጉና በየክርስትናው ላይ «ኪዳኔ እኮ ድምፁን ሱዳን በረሃ ላይ ጥሎት ነው የመጣው» ይላል። ሰው ይስቃል። ጋሽ ኪዳኔም አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ሁለት ቀን እህል አይቀምስም። ድምፁ እንዳለ ነው። መታጠቢያ ቤት በሩን ዘግቶ ሲያንጎራጉር ብፅዓት በጆሮዋ ትሰማዋለች። የዚህ ሰውዬ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ብዙነህ ፊት አንዴ ዘፍኖ ያንን አፍ መዝጋት።

ብፅዓት ይህን እያወቀች ነው እንግዲህ «አባዬ፣ አዲስ አዳራሽ አለ፤ ሰው ሞልቶበት ልንለካው ነው። ሰው ሰብስብልኝ። ለክተን ስንጨርስ ምናልባት አንተም ትንሽ ትዘፍናለህ» ያለችው። ጋሽ ኪዳኔ ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻዋን ቃል ነው። «ምናልባት» የምትለዋ በጆሮው በኩልም አላለፈች።

በሦስተኛው ቀን ሰፈራቸው ኪልበርን ላይ አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘች። አባቷ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ፣ መለዮውን ለብሶ፣ ማይክ ጨብጦ ይስቃል። ከሥሩ «የጋሽ ኪዳኔ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት። መግቢያ በነፃ። በአገር ልብስ ደምቃችሁ ኑ» ይላል። ቆማ አነበበችው። ያን ጊዜ ወደ ቤት ሄዳ «አባዬ፣ ተሳስተሃል፤ ይህ ኮንሰርት አይደለም» ማለት ትችል ነበር፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ይህን ካለችው ማን ይመጣላታል? ወተቷን ገዝታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቀኑ ደረሰ፤ የካቲት፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። ሰዉ በጊዜው መጣ፤ ያልተለመደ ነገር ነው። ሴቶቹ በነጭ ቀሚስ፣ ወንዶቹ በእጀ ጠባብ፣ ሁሉም ከላዩ ላይ ጋቢ ደርቦ። የአዳራሹ ማሞቂያ በአየር ማስገቢያው ነው የሚሠራው፤ የአየር ማስገቢያው ድምፅ ደግሞ ልኬቱን ስለሚያበላሽ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብዙነህ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መድረኩን ፊት ለፊት የሚያይበት ቦታ ያዘ። እግሩን አነባብሮ «እስቲ ይሰማ እንግዲህ» አለ፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ።

ጋሽ ኪዳኔ ካባ ደርቦ መድረኩ ላይ ወጣ። ሰው አጨበጨበ፤ እልልታው አዳራሹን ሞላው። መሃል ላይ በእግር የቆመች፣ ዙሪያዋን ሁሉ ድምፅ የምታወጣ ክብ ማጉያ ነበረች። አጠገቧ ሄዶ ቆመና ልጁን በዓይኑ ጠራት።

«ማይኩስ የታለ?»

«ቆይ አባዬ፣ መጀመሪያ እንለካለን።»

«ይሁን፣ እጠብቃለሁ» አለና ካባውን አስተካከለ። ፊቱ በርቷል። እንዲያ ሲበራ እናቷ ካረፈች ወዲህ አላየችውም፤ አንጀቷን በላት። በላት እንጂ ምን ዋጋ አለው፣ ወደ ኮምፒውተሩ ነው የተመለሰችው።

ሰዉ ዝም እንዲል ተነገረው። ማጉያዋ ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ የሚሄድ ረጅም ጩኸት ለቀቀችና ቀጥ አለች። ሁሉም ተያየ። ይህ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው? ግሬም ግን ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ቀርቷል።

«አንድ ነጥብ አንድ» አለ። «የማይሆን ነገር ነው። ስንነድፍ እንዲህ አላልንም።» ቀና ብሎ ሰዉን አየ። «የለበሱት ምንድን ነው? ብርድ ልብስ ነው?»

ጋቢውን ማንም አላሰበውም። እንግሊዝ ለኮንሰርት ሲመጣ ካፖርቱን በር ላይ ሰጥቶ ነው የሚገባው፤ ስሌቱ የተሠራው ለእሱ ነው። አራት እጥፍ ጥጥ በመቶ ሰማንያ ሰው ላይ ሲጫን ድምፁን ሙጥጥ አድርጎ ጠጣው። «አስወልቂያቸው» አላት።

ብፅዓት መድረክ ላይ ወጥታ፣ በእናትና በአባት ዕድሜ ያሉትን ሰዎች ጋቢያቸውን አውልቀው ውጭ እንዲያስቀምጡ ለመነች። ማጉረምረም ተነሣ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ጉልበቴን ያመኛል» አሉ። «ግድ የለም እማማ፣ አንድ አፍታ ነው፤ ያውልቁልኝ» አለቻቸው። አወለቁ። ለጋሽ ኪዳኔ ክብር ብለው ነው ያወለቁት፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ጋቢው ሁሉ በር ላይ ተከመረ፤ ሰውም በስስ ልብስ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ዘፈኑስ?» አለ ብዙነህ።

«ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ብዙነህ።»

ግሬም እንደገና ጠራት። «አባትሽ ማጉያዋ ሥር ቆሟል፤ ይውረድ። ስድስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ እዚያ ይቀመጥልን።»

እንግዲህ ይህንንም ነገረችው። ጋሽ ኪዳኔ መጀመሪያ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «እኔ ነኝ የምቀመጠው?» አለ። «ለጊዜው ነው አባዬ።» ካባውን ሰብስቦ፣ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወርዶ፣ የሰው ጉልበት እየተሻገረ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ዘፋኙ ወንበር ሞላ። ማጉያዋ ጮኸች፤ ቀጥ አለች። አንድ ነጥብ አምስት። ግሬም ጡጫውን ጨብጦ ሳቀ፤ የብፅዓትም ልብ ቅቤ ጠጣ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራትም ባላስፈለገ። ግሬም ሰዓቱን አየና፣ «አሥር ደቂቃ ቀርቶናል፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹን ማስረከብ አለብን» አላት። «ወይ አባትሽ ይዝፈን፣ ወይ የድምፅ መቅጃውን ሰገነቱ ላይ አውጥተን አንድ ጊዜ እንለካ። የሰገነቱ ባይኖርም ሪፖርቱ አይጎድልም፤ ቢኖር ግን ያምራል። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ክፉ ሰው አይደለም ግሬም። ከልቡ ነው ምርጫውን የሰጣት።

ብፅዓት ወደ ስድስተኛው ረድፍ አየች። አባቷ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ፣ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እሷን ነው የሚያየው። ፕሮቤሽኗን አሰበች። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አፍራበት ነበር። ያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የምትሰማው ድምፅ፣ ያ የድሮ ወታደር እንጉርጉሮ፣ ግሬም ፊት፣ በዚህ ባማረ አዳራሽ ውስጥ ሲወጣ ታያትና ፊቷ ጋለ። ድምፁ ቢሰበርስ? ባይሰበርም ግሬም ፈገግ ቢልስ?

«ሰገነቱን እንለካ» አለች።

ከዚያ መድረክ ላይ ወጣች። ዓይኗን በጨው አጥባ እንዲህ አለች፦ «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይቅርታ። አባዬ ጉሮሮውን አሞታል፤ ዛሬ አይዘፍንም። አንዲት ልኬት ብቻ ቀርታናለች፤ እባካችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡልን።»

ከዚያ ብዙነህ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ስድስተኛውን ረድፍ አየ።

«ምነው፣ አሁን በር ላይ ሲያንጎራጉር ሰምቼው አልነበር?»

የአዳራሹ አንገት ሁሉ ወደ ጋሽ ኪዳኔ ዞረ። እሱ ግን ማንንም አላየም፤ ልጁን ብቻ ነው ያየው። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። «አላመመኝም» ብሎ ተነሥቶ፣ ከተቀመጠበት ሆኖ አንዲት ስንኝ ቢያወጣ፣ ያ አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር ያደርስለት ነበር፤ ለዚያው ነው የተሠራው። ልጁ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ሆና ትቀር ነበር።

እጁን ቀስ ብሎ ጉሮሮው ላይ አደረገ። ሁለት ጊዜ ሳለ።

«አዎ» አለ፣ ድምፁን አውቆ አሻክሮ። «ከትናንት ጀምሮ… ጨርሶ ዘግቶኛል።»

«ይኸው፤ እኔ ስል የኖርኩትን አሁን ራሱ ተናገረ» አለ ብዙነህ። «ምን ከትናንት ጀምሮ፣ ከሱዳን ጀምሮ በል እንጂ።»

ሰዉ ሳቀ። በብርድ የተቀመጠ፣ ጋቢውን የተቀማ፣ ዘፈን ተብሎ ጩኸት የተጋተ ሰው ነው፤ ሳቁ ከሆዱ ነው የወጣው። አዳራሹ ሳቁን ተቀብሎ፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር፣ ለሁሉም እኩል አዳረሰው። ጋሽ ኪዳኔም ሳቀ፤ በሻከረው ድምፅ።

ሰገነቱም ተለካ። ደህና ነው።

መውጫው ላይ ሰው ጋቢውን እየፈለገ ተራ በተራ «እግዜር ይማርህ» አለው። አንዷ ዝንጅብል በማር አዘዘችለት። ብዙነህ የራሱን ሻርፕ አውልቆ አንገቱ ላይ ጠመጠመለትና፣ «በል አሁን እንኳ ሸፍነው። ዕድሜያችንን እንወቅ ወንድሜ፤ እኔም እኮ ክራሬን ሸጫለሁ» አለው። ይህን ሲለው አላሾፈም፤ ከልቡ አዝኖለት ነው። ጋሽ ኪዳኔ ያ ሰው ሲያሾፍበት ሠላሳ ዓመት ችሏል፤ ሲያዝንለት ግን አልቻለም፤ በሩን ደገፍ አለ።

አባትና ልጅ በባለ ፎቅ አውቶቡስ ወደ ኪልበርን ተሳፈሩ። ፎቁ ላይ ከነሱ በቀር ሰው አልነበረም። ብፅዓት «አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ለማለት አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። ግሬም ነው፤ ፕሮቤሽኑን አልፈሻል፣ ሰኞ ደብዳቤው ይደርስሻል ይላል። ይቅርታውን ትታ እሱን ነገረችው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። በዚያው በሻከረው ድምፅ፣ ከሹክሹክታ ባልተሻለ።

«አባዬ፣ አሁን እኮ ማንም የለም። በደንብ አውራ።»

መለስ ብሎ አያት። በፊቱ ላይ ቁጣ ፈለገች፤ ቁጣ ቢኖር ደስ ባላት። የለም።

«ነገ ቤተ ክርስቲያን ያገኙኛል» አላት እንደዚያው። «ማክሰኞ ለቅሶ ቤት ያገኙኛል። ድኜ ከተገኘሁ ‹በል እንግዲህ ዝፈን› ይላሉ፤ ስዘፍን ደግሞ ‹ልጁ ዋሸችን› ይላሉ። አይሆንም። እለምደዋለሁ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። እስኪወርዱ ድረስ አንድ ሁለት ጊዜ ሳለ፤ ብፅዓትም ሳሉ የውሸት ይሁን የእውነት መለየት አቃታት።