የጃርዲያው ኮቶች

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጃርዲያው ከአዱኛ ሆድ ወጥቶ ልብስ ሊያሰፋ መጣ። አውራ ጣት ያህላል። ሁለት ዓይን አለው፤ አፍ የለውም፣ ግን ይናገራል። እናቷ ትርንጎ የስፌት መኪናዋን አቁማ የክር ማጠንጠኛው ላይ አስቀመጠችው።

«እንደምን አደርሽ እህቴ፤ ልጅሽ ደህና ናት?»

«አንተ ታውቃለህ» አለችው።

አዱኛ ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ ሰባት ኪሎ ብቻ ነች። ከጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወስዳ ሦስቴም አገርሽቶባታል። ሲስተሯ «አሁን ከደገማት እንጃ» ብላለች።

ጃርዲያው ጥቅሉን ፈታ። መቶ ዘጠና ኮት ነበር፤ ቀለሙ ለየቅል። አሁን ከሚለብሰው ከአንዱ በቀር እያንዳንዱ ላይ፣ በልኩ ተገልብጦ የተቆረጠ ገበር ፊት ለፊት ተገጥሞ ዙሪያውን ተሰፍቷል። እንዲህ የተሰፋ ኮት እጅ አያስገባም።

«ሐኪሞች አር ኤን ኤ ይሉታል፤ እኛ ገበር ነው የምንለው» አለ። «ሆዷ ውስጥ ያሉት ዘበኞች ሰው የሚለዩት በልብሱ ነው። ይኼን ሲለምዱት ሌላ ተርትሬ እቀይራለሁ። ሁሉም ከተተረተሩ ግን አላስችል ብሎኝ ደራርቤ እለብሳለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ያውቁብኛል። የላላውን ስፌት አጥብቂልኝ።»

«ብደፈጥጥህስ?»

«ወንድሞቼ አሉ። እነሱም የሚለብሱት ከዚሁ ጥቅል ነው።»

ትርንጎ ትንሽ አሰበች። ከዚያ አዱኛን ከአልጋ አነሣቻት።

«ላጠባት ነው፤ ዞር በልልኝ።»

ጃርዲያው ጨዋ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትርንጎ በግራ እጇ ልጇን ደግፋ፣ በቀኟ ምላጭ ይዛ የኮቶቹን ስፌት ሁሉ መተርተር ጀመረች።

«ምንድን ነው ቀጭ ቀጭ የሚለው?»

«ጥርስ አውጥታለች።»

«እሰይ! እስካሁን አልጠገበችም እንዴ?»

«አንተ እያለህ በየት በኩል ትጥገብ?»

አፍሮ ዓይኖቹን ጨፈነ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጥቅሉን አስራ ሰጠችው። አመስግኖ፣ አዱኛ ስታዛጋ ገባ።

እስከ አሥር ሰዓት ምንም አልተሰማም። ከዚያ ልጅቷ ሆድ ውስጥ ፊሽካ ተነፋ፤ ሩጫ ሆነ። አዱኛ አላለቀሰችም፤ እናቷን ትኩር ብላ ታያት ነበር። ጀንበር ሳትጠልቅ ሁሉም ጸጥ አለ።

በማግስቱ አዱኛ አንድ ኩባያ አጥሚት ጨርሳ ሌላ አምጪ ብላ ጮኸች። ጠግባ ስትጋደም ትርንጎ ጆሮዋን ሆዷ ላይ አስጠጋች። ብዙ ጫማ በሰልፍ ይራመዳል። ልክ ጆሮዋ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ማን ነው?» አለ ከውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ትርንጎ ጆሮዋን ሳታነሣ፣ ዘበኞቹ ሰው የሚለዩት በልብሱ መሆኑ ትዝ ብሏት፣ የሹራቧን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።