ነፃው ሲስተም

አክስቴ ለተ ሚካኤል ቆቦ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ሐድጉ የሚባል የቢሮዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ሊኑክስ የሚሉትን፣ ያለ ክፍያ ኮምፒውተር የሚያሠራ ነፃ ሲስተም ኮምፒውተሮቹ ላይ ጭኖ አስለመዳት፤ ሲስተሙንም ወደደችው። ስብሰባ ላይ ግን አለቃቸው ከረባታቸውን እያስተካከሉ፣ «ነፃ ነገር ለመንግሥት አይመጥንም! ይጥፋና የሚገዛውን ዊንዶውስ እንጠብቅ» ሲሉ ሁሉም አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

ሐድጉ ሥራውን ለቆ ዋጃ ከተማ ገባ። የዊንዶውስ መግዣው በጀት እስካሁን አልመጣም። ኮምፒውተሮቹ ዳንቴል ለብሰው ተቀምጠዋል፤ አክስቴ በእጇ ትጽፋለች።

«ሙሽራ አስመሰላችኋቸው እኮ!» አልኳት።

አልሳቀችም። «ሐድጉ ከስብሰባው በፊት ‹ደህና እንደሚሠራ አንቺ ንገሪያቸው› ብሎኝ ነበር። ሲያጨበጭቡ ዞር ብሎ ያየው እኔን ነው።»

«ታዲያ ደውለሽ ይቅርታ አትይውም?»

«ደወልኩ እንጂ። ‹ግድ የለም› አለኝ። ምነው በሰደበኝ!»