እንጦጦ ላይ የተዘረጉ ነጠላዎች

«አይዞሽ ልጄ፣ አንስቼዋለሁ» አሏት እማማ በለጡ።

ፀዳለ ምሳ ዕቃዋን ከውሻ ያዳኑላት መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቀጥላ ሣሩን አየች። ጠዋት ዘርግታው የሄደችው ትልቅ የአቡጀዲ መስቀል የለም፤ መሐሉ ላይ የቸከለችው ካስማ ብቻውን ቆሟል።

«እማማ፣ የት አደረጉት?»

«ራጉኤል ወስጄ ለቄሱ አስረከብኩ። ዘመኑ የእናንተ ቢሆንም መስቀል መሬት ላይ አይጣልም።»

ፀዳለ ሰዓቷን አየች። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ካርታ መሥሪያ ቤት ከገባች የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አውሮፕላኑ አሁን መጥቶ ከየካ እስከ እንጦጦ ፎቶ ያነሳል። የጨርቁ ምልክት ፎቶው ላይ ካልታየ ካርታው ከመሬቱ ጋር አይገጥምም፤ ጎርፍ ሲመጣ የየትኛው ቤት ሰው ቀድሞ መውጣት እንዳለበትም አይታወቅም። ይህን ሁሉ መሬት መሬት እያየች አስረዳቻቸው።

«ታች ወንዝ ዳር ያሉትን ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ እነሱን።»

«አፈር ልብላ። ልጄ አስካለች እኮ እዚያው ናት።»

ከየካ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ራጉኤል ደርሶ ለመመለስ ጊዜ የለም። ግን የወሩ በዓል ነበርና ያስቀደሱ ሴቶች ነጭ በነጭ ሆነው ቁልቁለቱን እየወረዱ ነው። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቀው ፀዳለ ድንጋይ ላይ ወጣች።

«እናቶች፣ ለአውሮፕላኑ ፎቶ ምልክት እንዲሆነኝ ነጠላችሁን አውሱኝ።»

 ከኋላ አንዷ፣ «መዋጮው ደግሞ ነጠላ ላይ ደረሰ?» አለች፤ ሳቁ ፈነዳ።

እማማ በለጡ ቀድመው የራሳቸውን ገፈፉ። «መስቀል ግን አይሆንም።»

«ክብ ይሁን እማማ። ካስማው መሐል ላይ ከዋለ ይበቃኛል።»

ነጠላው በካስማው ዙሪያ ተነጠፈ። ነፋሱ ሲያነሳው ሴቶቹ ጫፍ ጫፉን ይዘው ቁጭ አሉ።

«ፀጉሬን ሳልሠራ በመንግሥት ፎቶ ልነሳ?» አለች አንዲት ወፍራም ሴት።

«ከላይ ሲያይሽ ቀጭን ነሽ» አሏት እማማ በለጡ።

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አውሮፕላኑ ከራሳቸው በላይ ሲደርስ አንዷ እልልታውን ለቀቀችው፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሠርግ ላይ እንኳ እልል ብላ የማታውቀው ፀዳለ ድምጿ እየተሰነጠቀ እልል አለች፤ አውሮፕላኑ እንጦጦ ማርያምን አልፎ እስኪዞር አላቆመችም።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ክቡ ትንሽ ተጣሞ ታየ፤ መሐሉ ግን በደንብ ይለያል። አለቃዋ ለይኩን በማጉያ መነጽር አይቶ ነጥቡን ተቀበለ። ካርታው ከክረምቱ በፊት ቀበሌው ደረሰ፤ ሐምሌ ላይ ወንዙ ሳይሞላ አስካለችና ጎረቤቶቿ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወጡ።