እህቴ አለች

«እሷማ አታነብም!» አለ ወንድምየው፣ የሻይ ብርጭቆውን ከወንበሩ ሥር እያስቀመጠ። «ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ሁሉ ይመጣሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ስትንተባተብ ምን ሊባል ነው?»

«እዚሁ ነኝ እኮ፣ ጋሼ» አለች እታለም ከኩሽናው በር ላይ። «ገና ሳልሞት እንደሌለሁ አድርገህ አትማኝ።»

የሞተችው ታላቅ እህታቸው ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍና ሂስ ስታስተምር የኖረች፣ ተማሪዎቿ ፊት ለፊት «መምህርት»፣ ዞር ስትል «እሜቴ ለምን» የሚሏት ሴት። አንዱ ተነሥቶ «ይህ ግጥም በጣም ውብ ነው» ያለ እንደሆነ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ «ለምን?» ትለዋለች። ልጁ መልስ እስኪያገኝ አታስቀምጠውም።

ዛሬ ሐዘንተኛው የሚበተንበት ቀን ነው። ባልደረቦቿ ለተማሪዎች መጽሔት ከጻፈችው አንድ ገጽ ሊልኩ፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ሊያነበው ተስማምተዋል። ወንድምየው የእታለም ልጅ ታንብብ ብሎ ነበር። ልጅቷ ግን «እማዬ ናት የምታነበው» ብላ ድርቅ አለች። ገጹም በጠዋት መጥቶ በእናቷ እጅ ገብቷል። እታለም ሦስት መስመር ሳትዘልቅ ለቅሶ ደራሽ መጣ፣ ተቀበለች። ደግሞ ልትጀምር ስትል ሌላ መጣ። ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ሶፋው ላይ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ሟቿ ሥራዋ ምን ነበር?»

«ሂስ ማስተማር።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሰው ጽሑፍ እያዩ እንከን መንቀስ አሉ።»

«ለዚህማ ትምህርት ምን ያደርጋል? አማቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ስትሠራው ትኖር የለ!»

ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። እታለም ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እሷም ሳቋ አምልጧት ነበር።

አምና እሷም እንደዚያ ነበር የምታስበው። ልጆቿን አሳድጋ ስታበቃ ፊደል ልትቆጥር የማታ ትምህርት ገባች። እዚያ ፊደል የለየ ሁሉ ይጨበጨብለታል። አንድ ሙሉ ገጽ ያለ ረዳት ያነበበች ዕለት መማሪያ መጽሐፏን በብብቷ ይዛ እህቷ ቤት በረረች። እህቷ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። አላጨበጨበችም።

«በትክክል ጠርተሽዋል» አለቻት። «አሁን ምን ይላል?»

«አነበብኩልሽ አይደል እንዴ!»

«አነበብሽልኝ። የሚለውን ግን ታምኚዋለሽ?»

እታለም መጽሐፏን ጧ አድርጋ ዘጋች። «አንቺ ምን ቢያደርጉልሽ ነው ደስ የሚልሽ?» ብላ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። አኩርፋ ስንት ጊዜ ስልክ ሳታነሣ ቀረች። ያስታረቀቻቸው ልጇ ናት። «እማ» አለቻት፣ «አክስቴ የምታጨበጭበው ለሕፃን ነው። አንቺን ግን ጠየቀችሽ።»

በኋላ እህቷ አልጋ ያዘች። እታለም በየቀኑ ከአልጋው ጎን ተቀምጣ፣ ሌላ የምታነበው ስለሌላት፣ ያንኑ መማሪያ ታነብላታለች። «ገበሬው ደስተኛ ነው። ላሟም ደስተኛ ናት።»

በሽተኛዋ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ማን ነገረው?»

«ማንን?»

«ጸሐፊውን። ላሟ ደስተኛ መሆኗን ማን ነገረው?»

እታለም ገጹን አየችው፣ አሰበች። «ምናልባት ወተቷን ለጥጃዋ የተዉላት ቀን ይሆናላ።»

እህቷ እስኪያስላት ሳቀች። «ይኸው፣ ሂስ ማለት ይሄ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አሁን ደግሞ ለምን እንደዚያ አልጻፈውም በይ።» ከዚያ ወዲያ በየመስመሩ እየቆሙ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ጀመር።

«እንዲህማ ከሆነ መጽሐፉ አያልቅም!» ስትላት፣

«እንዲያልቅ ማን ፈለገ?» ትላለች እህቷ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። መምህራኑ በወንበር፣ ተማሪዎቹ በግድግዳው ጥግ ቆመው። እታለም ከመሃል ቆመች። ወረቀቱን ከደረቷ አውጥታ ዘረጋችው።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች በሹክሹክታ።

«ይንቀጠቀጥ» አለች ልጇ። «የምታነቢው በዓይንሽ ነው።»

ጀመረች። «ማንበብ ብቻን የሚሠራ ሥራ ይመስላል። አይደለም።» ድምፅዋ እየጸና መጣ። ጥቂት መስመር ቀጠለች። «መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር ከጎኔ እህቴ አለች።»

እዚህ ላይ ቆመች። «አለች»ን ላላ አድርጋ ነበር ያነበበችው፤ ተናገረች እንደ ማለት። ታዲያ ምን ብላ? ዓይኗ የተባለውን ነገር ፍለጋ ወደ ታች ወረደ። ቀጥሎ ያለው ግን «ዝም ብላ ታዳምጣለች» ነው። የተናገረች ሰው ወዲያው እንዴት ዝም ትላለች?

ወንበር ተንቋቋ። ወንድምየው ጫማውን ያይ ጀመር። አንድ ወጣት መምህር ሊያርማት ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ልጇ በዓይኗ ያዘችው።

«ቆዩኝ» አለች እታለም ጮክ ብላ። ግንባሯን አላበው፤ ወረቀቱን ለልጇ ሰጥታ መቀመጥ አማራት። «አንድ ነገር አልገባኝም። እህቴ አለች ይላል። ምን አለች?»

ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣች። መጽሐፍ፤ በገለጥኩ ቁጥር፤ ከጎኔ፤ እህቴ። ፊደሉ ያው ነው። መጥበቅ መላላቱን ወረቀቱ አይናገርም፤ ለሚያነበው ሰው ይተወዋል። «ለ» በምላሷ ላይ ጠበቀች።

መናገር አይደለም። መኖር ነው። ከጎኔ አለች። እህቴ የተባለችውም ሌላ አይደለችም፣ እታለም ራሷ ናት።

በልጅነታቸው ታላቅየዋ ከትምህርት ቤት መልስ ጮክ ብላ ስታነብ፣ እሷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ባቄላ ስትፈለፍል ታያት።

«አለች» አለች ጠበቅ አድርጋ። ቀጥሎ ያለውንም አነበበች። «ዝም ብላ ታዳምጣለች።» ቀና አለች። «ይሄ ግን ልክ አይደለም።»

«ተይ እንጂ አንቺ ሴት!» አለ ወንድምየው ደንግጦ። «ሙት ወቃሽ ልትሆኚ ነው?»

ከፊት የተቀመጡት አዛውንት መምህር ከዘራቸውን አነሡ። «ትውቀስ! ሟቿ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለምነን የኖረችው ይህንኑ አይደል?» ወደ እታለም ዞሩ። «ልክ ያልሆነው ለምንድን ነው፣ እመቤት?»

«ዝም ብዬ አላውቅማ!» አለች እታለም። «ልጁ ለምን ሸሸ? ንግሥቲቱ ለምን አለቀሰች? ለምን፣ ለምን እያልኩ አላስጠና ስላት እናታችን ጆሮዬን ይዛ ታስወጣኝ ነበር። እህቴ መልሱን ስታጣ ደግሞ ተከትላኝ ወጥታ 'ለአንቺ ለምን ይመስልሻል?' ትለኛለች።»

ከግድግዳው ጥግ አንዲት ተማሪ አፏን ያዘች። ከዚያ ሌላው ሳቀ፤ ሳቁ ከለቅሶ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ዞረው።

«እውነቷን ነው» አለ ወንድምየው፣ ሳይወድ በግዱ ፈገግ ብሎ። «ዝም? ይቺ? በእንቅልፏም ትለፈልፍ ነበር!»

«እትዬ፣ እባክዎ እንደገና ያንብቡልን» አለች ተማሪዋ አፍንጫዋን እየጠረገች።

እታለም ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች። አውራ ጣቷን «ዝም ብላ» ከሚለው ላይ አሳረፈችና ሸፈነችው።

«መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር ከጎኔ እህቴ አለች» ብላ አነበበች፣ ጠበቅ አድርጋ። «ታዳምጣለች።»

አንብባ ከጨረሰችም በኋላ ጣቷን አላነሣችም።