ሁለተኛው ቁልፍ

በጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ በአምፑ ላይ ሁለተኛውን የድምፅ ቁልፍ መግጠሟ ስህተት ነበር። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኟ ይህን የተረዳችው ጊታሪስቱ ታላቅ ወንድሟ የመጀመሪያውን ክር እንደመታ ነው። ጊታሩ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ንብ ጮኸ።

«የአባባን አምፕ ትንኝ አደረግሽው እኮ!»

«ድምፁ ዝቅ ብሎም ይሻክር ብለህ የለመንከኝ አንተ አይደለህም?»

«ዝቅ ይበል አልኩ እንጂ ይሙት አልኩ?»

ወንድሟ የሚጫወትበት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ትናንት ቁርጡን ነግሮታል፤ እንግዶቹ እርስ በርስ መደማመጥ አቅቷቸዋል፣ ድምፁን ካልቀነሰ ከቅዳሜ ጀምሮ ሌላ ጊታሪስት ይቀጠራል። ለመጨረሻ ጊዜ ሊሰማው አስር ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ይመጣል። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

አባታቸው የተወላቸው አምፕ የሚሠራው አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቫልቮች ነው። ድሮ የነበረው አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ዝቅ ሲል ድምፁ ጥርት ይላል፣ ጥግ ሲደርስ ቫልቮቹ ሁሉ ይጨናነቁና ይወፍራል፣ ይሻክራል። እሷ የጨመረችው ቁልፍ ሲቀነስ የፊተኞቹ ትንንሽ ቫልቮች ብቻቸውን ይንጫጫሉ፤ ትልልቆቹ የኋለኞቹ ይተኛሉ። ወረቀት ላይ ልክ ነበር፤ ያ ወፍራም ድምፅ ግን ያለ ትልልቆቹ አይመጣም።

አዲሱን ቁልፍ እስከ ጥግ ከፈተችው። «በል ምታው።»

መታው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። ያ ድምፅ የአባታቸው ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ በበሩ ብቅ አለች።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ስልክ እያወራሁ ነው!»

ጠጋኟ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን የአሮጌ ፍራሾች መጋዘን እያየች ነበር። አምፑን ጎትታ አስገባችው፣ ፍራሾቹን ዙሪያውን አቆመች፣ ፊቱ ማይክ ደቀነች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ወንድሟ ተከትሏት ገብቶ።

«እዚህ እንደፈለገ ይጩህ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው በማይኩ ወደ ስፒከሩ የመጣው ብቻ ነው፤ እሱን እኔ እቀንሰዋለሁ።»

«አጠገቤ ካልሆነማ አልጫወትም። አባባ ሁሌ ተደግፎት ነበር የሚጫወተው።»

«ለዚያ አይደል እንዴ የደነቆረው?»

ከደረጃው በኩል የሥራ አስኪያጁ ጫማ ይሰማ ጀመር። ጠጋኟ የጊታሩንና የማይኩን ገመዶች በበሩ ስር አሳልፋ ወጣች። ትለምነኛለች ብሎ ጠብቆ ከሆነ አልለመነችውም።

ጊታሪስቱ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ቁልፎች እስከ ጥግ አዞረ፣ ጊታሩን አንጠልጥሎ ወጣና በሩን ዘጋው።